ጥቁር የለበሰው ሐኪም፦ ሉዎ ዳዮ እና የማንዳሪን ዘፈን

ሉዎ ዳዮ ጁላይ 20 ቀን 1954 በታይዋን ዋና ከተማ በታይፔ ተወለደ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ነርስ ነበሩ፤ ወንድሙና እህቱም የሕክምናውን መስመር ተከትለዋል። ቤተሰቡ ይዘዋወር ስለነበር ልጁ ከታይፔ ሌላ በይላን፣ ኋላም በደቡባዊቷ የወደብ ከተማ በካዎሹንግ ኖሯል። የዘር ሐረጉ ግን ከእነዚህ ከተሞች ከአንዱም አይመዘዝም። የቤተሰቡ መሠረት በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ሚያዎሊ ናት፤ ሚያዎሊ ደግሞ ከአጎራባቾቿ ከሺንቹና ከታዎዩዋን ጋር የሃካዎች አገር ተብላ የምትታወቅ ናት።

ሃካዎች በብዙ ትውልድ ከሰሜን ቻይና ወደ ደቡብ የወረዱ ሕዝብ ናቸው። ጓንግዶንግ፣ ፉጂያንና ጂያንግሺ ሲደርሱ ለም ለሙ ሜዳ ቀድመው በሰፈሩ ሰዎች ተይዞ ስለጠበቃቸው፣ የቀራቸውን ተራራማ መሬት አቅንተው ኖሩ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ታይዋን ገቡ። እዚያም ዕጣቸው ተመሳሳይ ሆነ፤ ምዕራባዊውን ሜዳ በብዛት የያዙት ሆክየን ተናጋሪዎች ስለነበሩ ሃካዎቹ ወደ ኮረብታው ወጥተው ሻይ ተከሉ፣ ካፉር የሚወጣበትን ዛፍ እየቆረጡ ኖሩ። ዛሬ ከደሴቲቱ ሕዝብ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ሃካ እንደሆነ ይገመታል። ሃካዎች የራሳቸው ቋንቋና ከተራራ ተራራ እየተቀባበሉ የሚያዜሙት የታወቀ የዘፈን ስልት አላቸው።

ሉዎ ዳዮ ለትምህርት ሲደርስ ግን ትምህርት ቤቱ ያን ቋንቋ አይፈልገውም ነበር። ጃፓን በ1945 ተሸንፋ ደሴቲቱን ከለቀቀች በኋላ፣ በተለይም የብሔርተኞቹ መንግሥት በ1949 ከዋናው ቻይና ተባርሮ ታይዋን ላይ ከተቀመጠ ወዲህ፣ የመማሪያውም የቢሮውም ቋንቋ ማንዳሪን ብቻ ሆነ። በክፍል ውስጥ ሆክየን ወይም ሃካ ሲናገር የተገኘ ተማሪ ይቀጣ ነበር። በ1976 የወጣው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሕግ ደግሞ የአካባቢ ቋንቋዎች የአየር ሰዓት እየቀነሰ እንዲሄድ አደረገ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ያደገ የሃካ ልጅ በመላው አገር መሰማት ከፈለገ የሚዘፍነው በማንዳሪን ነው። ስለ ማንዳሪን ፖፕ ሲነሣ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዘፈኑን ከሠሩት ታላላቅ ሰዎች ብዙዎቹ የአያቶቻቸው ቋንቋ ሌላ ነበር።

ሉዎ በልጅነቱ ፒያኖ ተምሯል፤ ሙያው ግን ገና ከቤት ተወስኖለት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በማዕከላዊቷ ከተማ በታይቹንግ በሚገኘው የቻይና ሕክምና ኮሌጅ ገባ። ቀን አናቶሚ ያጠናል፤ ትርፍ ሰዓቱን በሮክ ባንድ ኪቦርድ እየተጫወተና ዜማ እየደረሰ ያሳልፋል። ገና ተማሪ ሳለ ለተወዳጁ ገጣሚ ለሹ ዢሞ ሥራ የደረሰው ዜማ በ1970ዎቹ መገባደጃ በፊልም ውስጥ ተሰማ።

ያ ዘመን በታይዋን የ«ካምፓስ ዘፈን» ዘመን ነው። ጁን 6 ቀን 1975 ያንግ ሺየን የተባለ ወጣት በታይፔው የዦንግሻን አዳራሽ የገጣሚ ዩ ጓንግዦንግን ስንኞች በዜማ አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ጊታር ያነገተ ተማሪ ሁሉ የራሱን ዘፈን መድረስ ጀመረ። ዘፈኖቹ ንጹሕና ለስላሳ ነበሩ። ስለ ሣር፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ወንዝ ዳርቻ ይዘፍናሉ፤ ስለ ፋብሪካው፣ ስለሚፈናቀለው ገበሬ፣ ስለ ወታደራዊው ሕግ ግን ዝም ይላሉ። ከ1949 ጀምሮ አገሪቱ በወታደራዊ ሕግ ሥር ስለነበረች ዝምታው የሚገርም አይደለም። የዘፈን ግጥም ሁሉ ለመንግሥት የማስታወቂያ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ሳያልፍ በሬዲዮ አይሰማም።

ሉዎ ትምህርቱን ጨርሶ በታይፔ ሆስፒታል በራጅ ክፍል ሐኪምነት ተቀጠረ። በዚያው ሰሞን ተዋናይትና ዘፋኝ ሲልቪያ ቻንግ «ልጅነት» የተባለውን ዘፈኑን ተጫወተችው። ዘፈኑ በሞቃት ቀን ክፍል ውስጥ የተቀመጠን ተማሪ ያሳያል። የመምህሩ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይጮኻል፤ የልጁ ዐይን በመስኮት ወጥቶ ሌላ ቦታ ነው፤ ኪሱ ባዶ ስለሆነ ሱቁ ውስጥ ያለው ጣፋጭ አይገዛም፤ ማደግን ይናፍቃል፤ ቀኑ ግን አልመሽ ይላል። ቀላል ይመስላል እንጂ ግጥሙን ለመጨረስ ዓመታት ወስዶበታል። በቻይንኛ ተናጋሪው ዓለም ዛሬም ሕፃን አዋቂው በቃሉ የሚያውቀው ይህን ዘፈን ነው።

ያልተጠበቀው ነገር በ1982 መጣ። ሮክ ሪከርድስ የተባለው ገና አዲስ የነበረ የታይፔ ኩባንያ የሉዎን የመጀመሪያ አልበም አወጣ። በሽፋኑ ላይ የቆመው ሰው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሷል፤ ፀጉሩ የተንጨባረረ ነው፤ ዐይኑን በጥቁር መነጽር ሸፍኗል። ነጭ ጋውን ከለበሰው የራጅ ክፍል ሐኪም ጋር አንድ ሰው መሆኑን ማንም አይገምትም። ድምፁም ያልተለመደ ነበር። የዘመኑ ጆሮ የለመደው የዘፋኝቷን የቴሬዛ ቴንግን ማር የመሰለ ድምፅ ሲሆን፣ ሉዎ ግን በአፍንጫው የሚዘፍን፣ ሻካራ፣ አንዳንዴም ከዜማው ይልቅ ለቃሉ የሚጨነቅ ዘፋኝ ነው። ውብ ድምፅ የለውም። ግጥሙ ግን ሌላ ሰው ሲዘፍነው ያን ያህል ልብ አይነካም።

የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን በአሮጌው የጽሑፍ ቋንቋ ማሠሪያ ቃላት እየተጫወተ ሳንሱሩን ራሱን ይነካል፤ ነፋስና አበባ ብቻ የሚያወድሱትንም የካምፓስ ዘፈኖች «ዘፈን ማለት ይህ ብቻ ነው ወይ» ብሎ ይሞግታል። ከሁሉም የገነነው ግን የመጀመሪያው ዘፈን «ትንሿ ከተማ ሉካንግ» ነው። ሉካንግ በምዕራብ ጠረፍ ያለች ጥንታዊ ወደብ ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከደሴቲቱ ትላልቅ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ወደቧ በደለል ሲሞላ ግን ንግዱ ጥሏት ሄደ፤ የባሕር እናት የምትባለው የማዙ መቅደስ፣ የዕጣን ሱቆቿና ቀይ የጡብ ግድግዳዎቿ ቀሩላት። በዘፈኑ ውስጥ እንጀራ ፍለጋ ታይፔ የገባ ወጣት መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ከሉካንግ መጣህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ከመቅደሱ ጀርባ ዕጣን የሚሸጡ ወላጆቹንና ትቷት የመጣትን ልጃገረድ አይተህ እንደሆነ ይለዋል። የኒዮን መብራቱ ከተማ ቤቴ አይደለም ብሎ ይምላል። በመጨረሻ ደግሞ ያቺ የናፈቃት ከተማም ጡቧ ፈርሶ ሲሚንቶ እየለበሰች መሆኑን ይሰማል። የሚመለስበት ቦታ ራሱ እየጠፋ ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመው የካምፓሱ ለስላሳ ጊታር ሳይሆን የሚጮኽ የሮክ ሙዚቃ ነው።

ሉዎ የሉካንግ ልጅ አልነበረም። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ያነሡታል፤ ነገሩ ግን የዘፈኑን ጉልበት የሚያስረዳ ነው። በወቅቱ ታይዋን በእስያ ፈጥነው ከበለጸጉት አገሮች አንዷ ስለነበረች፣ ከገጠር ወደ ታይፔና ወደ ካዎሹንግ የጎረፈው ሕዝብ ቁጥር ስፍር አልነበረውም። ከከተማ ከተማ ሲዘዋወር ያደገ፣ የዘሩን አገር እንደ እንግዳ የሚያውቅ የሃካ ልጅ፣ የሌላ ሰው ከተማ ተውሶ የሁሉንም ስደተኛ ናፍቆት ዘፈነ።

በ1983 የወጣው ሁለተኛው አልበም «የነገ ባለቤቶች» ይባላል። ከውስጡ «የእስያ ወላጅ አልባ» የተባለው ዘፈን የሉዎ ትልቁ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ርእሱን ያገኘው ከሌላ የሃካ ሰው፣ በ1900 ሺንቹ ውስጥ ከተወለደው ደራሲ ከዉ ዡዎልዩ ነው። ዉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ዓመታት፣ ታይዋን ገና በጃፓን እጅ ሳለች፣ በጃፓንኛ ልብ ወለድ ጻፈ። የመጽሐፉ ጀግና የተማረ ታይዋናዊ ነው። ጃፓን ሲሄድ የቅኝ ተገዢ ተብሎ ይናቃል፤ ቻይና ሲሄድ የጃፓን ሰላይ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ አገሩ ተመልሶም የሚያርፍበት አያገኝም፤ መጨረሻው እብደት ይሆናል።

ሉዎ ርእሱን ሲያነሣው የታይዋን ብቸኝነት በሌላ መልክ ተመልሶ ነበር። በ1971 የተባበሩት መንግሥታት መቀመጫዋን ለቤጂንግ ለቀቀች፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1979 ደግሞ አሜሪካ ፊቷን አዙራ ለቤጂንግ ዕውቅና ሰጠች። ስለዚህ የተተወ ልጅ መዝፈን በቀጥታ ስለ ደሴቲቱ መዝፈን ነው። ሳንሱሩ ይህን እንደማያሳልፍ ግልጽ ስለነበር ዘፈኑ «ቀዩ ቅዠት፦ ለኢንዶቻይና ስደተኞች» የሚል ንዑስ ርእስ ተደረገለት። ጊዜው ቬትናማውያንና ካምቦዲያውያን በጀልባም በእግርም የሚሰደዱበት ስለነበር ሽፋኑ የሚታመን ነበር፤ ኮሚኒዝምን የሚነቅፍ ዘፈን ደግሞ መንግሥት አይጠላም። ዘፈኑ አለፈ። አድማጩ ግን ልጁ ማን እንደሆነ አልጠፋውም። የሰልፍ ከበሮ እየመታ በዝግታ የሚሄደው ይህ ዘፈን በ1990 በፊልም ተመልሶ ተሰማ፤ ፊልሙ ከቻይናው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በበርማና በታይላንድ ድንበር ተረስተው ስለቀሩ ወታደሮች ነበር። ሰዎች ለተለያየ ጉዳት የሚያለቅሱበት ዘፈን ሆኖ እስከ ዛሬ ኖሯል።

ሦስተኛው አልበም «ቤት» በ1984 ሲወጣ ቁጣው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፤ አንዳንድ ተከታዮቹም ቅር ተሰኙበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀን ምሽት ያቀረበው ኮንሰርት በቀጥታ ተቀርጾ በተከታዩ ዓመት አልበም ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያዝ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰው ረሃብ ዓለምን ባስደነገጠ ጊዜ፣ የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰባስበው «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን በማርች 1985 አወጡ። የገንዘብ ማሰባሰቢያው መንገድ በየአገሩ ተቀዳ። በታይዋንም 60 ያህል ዘፋኞች በአንድ ላይ ቆመው የሚዘፍኑት «ነገ የተሻለ ይሆናል» የተባለ ዘፈን ተዘጋጀ፤ ዜማውን የደረሰው ሉዎ ዳዮ ነው። ሉዎ መጀመሪያ የጻፈው ግጥም ለእንዲህ ያለ ዝግጅት የጨለመ መስሎ ስለታየ፣ ብዙ እጆች ገብተውበት ብሩህ እንዲሆን ተስተካከለ። በመጸው ሲወጣ አገሩን አጥለቀለቀ፤ በትምህርት ቤት በዓላት ሁሉ የሚዘመር ሆነ። ግን ዓመቱ የምርጫ ዓመት ነበር፤ ዘፈኑ የገዥው ፓርቲ መሣሪያ ሆኗል የሚል ወቀሳም ተነሣ። ሥርዓቱን በመተቸት ስም ያተረፈ ሰው አሁን የሥርዓቱ ዘማሪ ተብሎ መከሰሱ ልቡን ሰበረው። በአንድ በኩል ሳንሱር፣ በሌላ በኩል የአድናቂዎቹ ጥርጣሬ፣ ከኋላ ደግሞ ወደ ሆስፒታሉ እንዲመለስ የሚጠብቁት ወላጆቹ ነበሩ። በዚያው በ1985 ወደ ኒው ዮርክ ሄደ።

ኒው ዮርክ ላይ ብዙ አልዘፈነም፤ ግን የሕይወቱ ትልቅ ውሳኔ የተወሰነው እዚያ ነው። ሕክምናን እርግፍ አድርጎ ተወው። በ1987 ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻገረ። ያው ዓመት ጁላይ 15 ቀን ታይዋን ውስጥ 38 ዓመት የቆየው ወታደራዊ ሕግ የተነሣበት ነው። በ1988 «ጓድ ፍቅረኛ» የተባለው አልበም ወጣ፤ ርእሱ የፖለቲካንና የፍቅርን ቃል አንድ ላይ ያጋባል፤ ታማኝነት በሁለቱም ቦታ እንዴት እንደሚከዳ ይዘፍናል። «የፍቅር ዘፈን 1990» የሚገኘው በዚህ አልበም ውስጥ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ቾው ዩን ፋትና ሲልቪያ ቻንግ በሠሩበት የሆንግ ኮንግ ፊልም ላይ ገብቶ በየአገሩ ታወቀ።

ይህ ዘፈን የሦስት ዘፈኖች መካከለኛው ነው። «የፍቅር ዘፈን 1980» በመጀመሪያው አልበም ውስጥ ሲሆን ለዘላለም አንለያይም የሚለውን የፍቅረኞች ቃል መስማት የማይፈልግ ወጣት ይዘፍነዋል። በ1990ው የሚዘፍነው ብዙ የተንከራተተ፣ ያ ቃል አሁን የናፈቀው ሰው ነው። በ1994 የወጣው «የፍቅር ዘፈን 2000» ደግሞ ከሁለቱም የከበደ ነው፤ ሴቷና አገሪቱ ተቀላቅለው የትኛዋ እንደምትዘፈንላት መለየት ያስቸግራል። እነዚህን ሦስቱን በተከታታይ የሚያዳምጥ ሰው የአንድን ሰው መብሰል በአንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይሰማል።

ሆንግ ኮንግ ለሉዎ ሌላ ትምህርት ቤት ሆነችው። በ1990 የሙዚቃ ፋብሪካ የተባለ ድርጅት አቋቋመ፤ ከካንቶንኛ ግጥም ጸሐፊው ከሊን ሺ ጋርም መሥራት ጀመረ። ከተማዋ በ1997 ከብሪታንያ ወደ ቻይና ልትተላለፍ ቀን ትቆጥር ነበር። በ1991 ከራም ቺያንግ ጋር የዘፈነው «የንግሥቲቱ መንገድ ምሥራቅ» በከተማዋ ካለ እውነተኛ ጎዳና ስሙን ወስዶ፣ በሳንቲሙ ላይ ያለው የንግሥቲቱ ፊት ሲነሣ ጎዳናውና ነዋሪው ምን ይሆኑ ብሎ በዳንስ ምት ይጠይቃል። ለዘፋኝቷ ለአኒታ ሙዪ የሰጣት «የጥንት ወዳጅ የመጣ ይመስላል» የተባለው ዜማ ከዘፈኖቿ ሁሉ ከሚወደዱት አንዱ ነው። «የምሥራቅ ዕንቁ» ደግሞ አስቀድሞ በካንቶንኛ የተሠራ ሲሆን በ1991 በማንዳሪን ሲወጣ የከተማዋ ሁለተኛ መዝሙር ሆነ። ደራሲ ሳን ማዎ በጻፈችው «ቀዩ አቧራ» በተባለው ፊልም ላይ ከሳራ ቼን ጋር የተጫወተው መሪ ዘፈንም የዚሁ ዘመን ነው።

ሃካ ሆኖ፣ በማንዳሪን ተምሮ፣ በሆክየን ዘፍኖ፣ ካንቶንኛ በሚናገር ከተማ ስለ ነዋሪዎቹ ስጋት የዘፈነ ሌላ ዘፋኝ ማግኘት ያስቸግራል። በየሄደበት የሚያየው ያንኑ ነገር ነው፤ ባለቤት ነኝ ባይ የበዛበት፣ ነዋሪው ግን ያልተጠየቀበት ቦታ።

የሃካ ቋንቋ ጥያቄ በዚህ መካከል በታይዋን እየጋለ ነበር። ዲሴምበር 28 ቀን 1988 ሃካዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ይመለስልን ብለው በታይፔ ጎዳናዎች ተሰለፉ። በ2001 የሃካ ጉዳዮችን የሚመለከት የመንግሥት ምክር ቤት ተቋቋመ። ከዚህ እንቅስቃሴ የወጣው ትውልድ ከሉዎ ሌላ መንገድ መረጠ። የሜይኖንጉ ልጅ ሊን ሼንግሺያንግ በመንደሩ ሊሠራ የታሰበውን ግድብ በመቃወም በ1999 በሃካ ቋንቋ አልበም አወጣ፤ በ2007 ደግሞ ሙዚቃ በስልቱ እንጂ በቋንቋው ሊመደብ አይገባም ብሎ በሃካ ዘርፍ የተሰጠውን ሽልማት አልቀበልም አለ። ሁለቱን ማወዳደር ይገባል፤ ማበላለጥ ግን አይገባም። ሉዎ በመጣበት ዘመን በሃካ የተዘፈነ ቁጣ ከኮረብታው ባልወረደ ነበር፤ ሊንም በገጠር ሰው ድምፅ ስለ መሬትና ስለ ሥልጣን መዝፈን የቻለው እንዲህ ያለው ዘፈን አስቀድሞ በሉዎ ስለተሞከረ ጭምር ነው።

በሴፕቴምበር 2000 ሉዎ በሻንጋይ ስታዲየም በዋናው ቻይና የመጀመሪያውን ኮንሰርት አቀረበ። ካሴቶቹ ግን ከእሱ ብዙ ዓመት ቀድመው ገብተው ነበር፤ እየተባዙ በየዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍል ስለዞሩ፣ የመጣው ታዳሚ አይቶት የማያውቀውን ሰው ዘፈን በቃሉ ያውቅ ነበር። ከ2009 ጀምሮ ከጆናታን ሊ፣ ከኤሚል ቻውና ከቻንግ ቼንዩዌ ጋር ሱፐር ባንድ በሚል ስም አራት ሆነው ዓለምን ዞሩ፤ ገና ሲጀምሩ ዕድሜውን ወስነው ስለነበር በጃንዋሪ 2010 ታይፔ ላይ ተሰናበቱ።

ሉዎ በ2012 የሴት ልጅ አባት ሆነ፤ ዕድሜው 58 ነበር። በ2017 ያወጣው «ቤት 3» በ1984 ከወጣው «ቤት» ጋር በስም ይተሳሰራል፤ ድምፁ ደክሟል፣ ጨዋታው ግን ሰላም አግኝቷል። በ2020ዎቹ መጀመሪያ የታይዋን የወርቃማ ዜማ ሽልማት አዘጋጆች የልዩ አስተዋፅኦ ሽልማት ሰጡት።

ከሥራዎቹ መካከል ዘመን የማይሽራቸው ከ1982 እስከ 1984 የወጡት ሦስት የስቱዲዮ አልበሞችና የ1988ቱ «ጓድ ፍቅረኛ» ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዳምጠው የሚፈልግ አንባቢ በ«ትንሿ ከተማ ሉካንግ» ይጀምር፤ ከዚያ «የእስያ ወላጅ አልባ»ን፣ በመጨረሻም «ልጅነት»ን ያዳምጥ።